ጭድ አንሶታል

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፤ ታገሱኝ። አውራ ዶሮው ግን ዛሬ ዝም ብሏል፤ ለእሱ ተመስገን ነው።

ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ የጎረቤቴ የእማማ አውራ ጣት ነው። ትልቁን ሥዕል ታውቁታላችሁ፤ ስለ እሱ እያወራሁ ያሰለቸኋችሁን። ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆፍሬ በጆንያ ያመጣሁት ዋልካ አፈር፣ ኮላ፣ በላዩ ስስ የአክሪሊክ ቀለም። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ኮምፔንሳቶ ላይ ወፍራም አድርጌ ለጥፌ ፀሐይ ላይ ተውኩት፤ ራሱ ተሰነጣጠቀ። መስመሩ በየት በኩል እንደሚሄድ እኔ አላዘዝኩም። ደስ ያለኝም ይኸው ነበር።

እማማ ቡና ሊጠሩኝ ገቡ። ሥዕሉ ግድግዳ ተደግፏል። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና ቀረብ ብለው የአንዱን ስንጥቅ ጠርዝ በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት።

«ይህ ምርጊት ጭድ አንሶታል፣ ልጄ» አሉኝ። «ደግሞም በደንብ አልቦካም። ማን ነው ያቦካልህ?»

እኔው ነኝ፣ እማማ።

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ከጎን ካለው ሳፋ እርጥብ ጭቃ በአውራ ጣታቸው ቆንጥረው ስንጥቁን ደፈኑት፤ ጫን አደረጉና ወደ ላይ ሳቡት። ተዉት ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አላልኩም። ለምን አላልኩም?

የእሳቸውን ግድግዳ ብታዩት። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ቀናት ቦክቶ፣ በእግር ተረግጦ ነው የተመረገው፤ ጭዱ ጭቃውን አያይዞ ስለሚይዘው እንደ እኔው አይሰነጠቅም። ላዩ በእበት ተለስኗል፤ የመዳፋቸው ቅስት እስከ ዛሬ ይታያል። ጀርባዬን እሱ ላይ አስደግፌ ነው ቡና ስጠጣ የኖርኩት። አንድም ቀን ሥዕል ብዬው አላውቅም።

ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1950ዎቹ ከጀርመን ተመልሶ ረቂቅ ሥዕሎቹን ሲያሳይ፣ ይህ የባዕድ ነው ያሉት ነበሩ። እኔም ለዚያ ወቀሳ መልስ አዘጋጅቼ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። እማማ ግን ባዕድ አላሉኝም። የሚያውቁትን ሥራ አበላሽቼ እንደሠራሁት ነው የነገሩኝ። ለዚህ መልስ የለኝም።

ወይም ደግሞ ነገሩ ምርጊት ላይሆን ይችላል። እሳቸው 1977ን እዚሁ ወሎ ያለፉ ሰው ናቸው። ሥዕሉን «ድርቅ» ያልኩት እኔ ያኔ አልተወለድኩም። ስሙን አልነገርኳቸውም፤ ግን የተሰነጠቀ መሬት ስም ይፈልጋል እንዴ? እንጃ። ምናልባት ግድግዳ ብቻ ነው ያዩት። ሰው ሁሉ እንደ እኔ ነገር አያበዛም።

የባሰው ትናንት ነው። ገዢው መጣ፤ ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች አይቶ የእማማ ጣት ያረፈበት ላይ ቆመ። «እዚህ ጋ እጅህ ልዩ ነው» አለኝ።

«አመሰግናለሁ» አልኩት።

አመሰግናለሁ! ቀብዱንም ተቀበልኩ። ሰኞ ይወስደዋል። ከታች ያለው ፊርማ የእኔ ብቻ ነው። ልንገረው? ምን ብዬ? ጎረቤቴ ጠግናልኝ ነው ልበል?

ዛሬ ጠዋት ደግሞ እማማ የልጅ ልጃቸውን ግማሽ ጆንያ ጭድ አሸክመው ላኩልኝ። ለሚቀጥለው ነው አለኝ ልጁ። በረንዳው ላይ አስቀምጬዋለሁ... ይህ ዝናብ... ቆዩማ፣ ሳይረጥብ ላስገባው።