ከተቀያሪ ወንበር የተነሣው ተከላካይ፦ የ1954ቱ የኮተን ቦውል ጨዋታ

የተከበራችሁ ተመልካቾች፣ ጤና ይስጥልኝ። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ጃንዋሪ 1 ቀን 1954፣ በቴክሳስ ዳላስ ከተማ፣ አንድ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ኳስ ታቅፎ በሜዳው ጠርዝ እየበረረ ሳለ፣ ከተጋጣሚው ቡድን አንድ ተቀያሪ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ሜዳ ገባና ይዞ ጣለው። ተቀያሪ ነው ያልኩት። በዚያች ሰዓት ጨዋታው ውስጥ ያልነበረ፣ ሄልሜቱን እንኳ ያላጠለቀ ሰው ነው። ከ75,000 በላይ ተመልካች በስታዲየሙ ተቀምጦ ይህን በዓይኑ አየ፤ በቴሌቪዥን የሚከታተለውም እንዲሁ።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ጨዋታ፣ ኮተን ቦውል ስለተባለው የኮሌጆች ግጥሚያ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ፤ አለዚያ በየዝግጅቱ ሰባትና ስምንት ዓመት ስንቀንስና ስንደምር ልንውል ነው።

የተገናኙት ቡድኖች የሂዩስተኑ ራይስ ዩኒቨርሲቲና የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ራይስ በአሰልጣኝ ጄስ ኒሊ እየተመራ በአሶሼትድ ፕሬስ የዜና ወኪል የደረጃ ሰንጠረዥ 6ኛ ሆኖ የመጣ ሲሆን፣ አላባማ ደግሞ 13ኛ ነበር። ዛሬ አላባማ ሲባል ሁሉም የሚንቀጠቀጥለት ቡድን ነው፤ በዚያ ዓመት ግን ወደ ዳላስ የመጣው 6 አሸንፎ፣ 2 ተሸንፎ፣ 3 እኩል ወጥቶ ነበር። ኳስ አቀባያቸው ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የነበረው ባርት ስታር ነው፤ አዎ፣ ያው ከዓመታት በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሱፐር ቦውሎች፣ የፕሮፌሽናል ክለቦቹን የዋንጫ ፍጻሜ ማለቴ ነው፣ ከግሪን ቤይ ክለብ ጋር ያሸነፈው ባርት ስታር።

የጨዋታውን ሕግ በዝርዝር አልደግመውም፣ ምክንያቱም የዚህ ቻናል ተከታታዮች ታውቁታላችሁ። ኳሱን አሥር ያርድ፣ ማለትም ወደ 9 ሜትር፣ ወደፊት ለማድረስ አራት ሙከራ፤ ኳሱን ይዞ የግብ መስመሩን ያለፈ ታችዳውን አስቆጠረ፣ 6 ነጥብ፤ ከዚያ በእግር ተመትቶ በምሰሶዎቹ መካከል ካለፈ አንድ ተጨማሪ ነጥብ። በ1953 የውድድር ዘመን ቅያሪ በጥብቅ ተገድቦ ስለነበር ተጫዋቹ በማጥቃትም በመከላከልም ይሰለፍ እንደነበር ብቻ አስታውሱ። አጥቂው ለምን እንደ ተከላካይ ዘሎ ሰው ይጥላል ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ ነው፤ መጣል የለመደው ሥራው ነበር።

መጀመሪያ ያስቆጠረው አላባማ ነው። ያስቆጠረውም ቶሚ ሉዊስ የተባለው ተጫዋች ነበር፤ ስሙን ያዙት፣ እንመለስበታለን። ተጨማሪዋ ነጥብ ሳትገኝ ቀረችና 6 ለ 0 ሆነ። በሁለተኛው ሩብ የራይሱ ዲኪ ሜግል ኳሱን ተቀብሎ 79 ያርድ ሮጠና አስቆጠረ፤ 7 ለ 6። እስከዚህ ድረስ መልካም የበዓል ጨዋታ ነው።

ከዚያ ያ ሩጫ መጣ። ራይስ ኳሱን የያዘው በራሱ 5 ያርድ መስመር ላይ ነበር፤ ከጀርባው የራሱ ግብ፣ ከፊቱ 95 ያርድ ሜዳ፣ በእኛ መለኪያ ወደ 87 ሜትር ገደማ። ሜግል ኳሱን ታቅፎ ወደ ቀኝ ዞረ፣ የተከላካዮቹን መስመር ሰብሮ ወጣ፣ የሜዳውን ጠርዝ ያዘና ተፈተለከ። ከፊቱ የሚያቆመው ተከላካይ አልቀረም። ነገር ግን የሮጠበት ጠርዝ የአላባማ ተቀያሪዎች የተቀመጡበት ጎን ነበር። ቶሚ ሉዊስ ተቀይሮ ወጥቶ ወንበሩ ላይ ነው። ሜግል እየቀረበ ይመጣል፤ ሉዊስ ያየዋል፤ እየቀረበ ይመጣል፤ ሉዊስ ብድግ ይላል። በአላባማ 40 ያርድ መስመር አካባቢ ሲደርስ ሉዊስ ባዶ ራሱን ሜዳ ገብቶ በትከሻው መታውና ጣለው። ከዚያም ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ተቀመጠና ፊቱን ሸፈነ።

ዋና ዳኛው ክሊፍ ሾው ታችዳውን እንዲመዘገብ ወሰነ። ሜግል የግብ መስመሩን ሳይረግጥ 6 ነጥብ ተሰጠው፤ በመዝገብም 95 ያርድ እንደሮጠ ተጻፈለት። ተጨማሪዋም ነጥብ ገብታ 14 ለ 6 ሆነ።

ዳኛው ይህን ሥልጣን ከየት አመጣው? በአጭሩ፣ የሕግ መጽሐፉ ሁሉንም ዓይነት ጥፋት ዘርዝሮ ሊጨርስ ስለማይችል፣ ግልጽ የሆነ ኢፍትሐዊ ድርጊት ሲፈጸም ዳኛው ፍትሐዊ ነው ያለውን ቅጣት እንዲወስን ይፈቅድለታል፤ ነጥብ መስጠትም ጭምር። ቅጣቱ የተለመደው፣ ኳሱን 15 ያርድ ማስጠጋት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ የተጋጣሚው ሯጭ ባመለጠ ቁጥር ከወንበር አንድ ሰው እየላኩ ማስጣል አዋጭ ንግድ በሆነ ነበር።

አሁን ወደምወደው ንጽጽር ልግባ፤ ረዘም ብል ታገሡኝ። የ2004ቱን የአቴንስ ኦሎምፒክ ማራቶን አስታውሱ። ብራዚላዊው ቫንደርሌይ ዴ ሊማ ብቻውን ይመራል። 35ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ቀሚስ የለበሰ አንድ ሰው ከተመልካቹ መካከል ወጥቶ ገፍትሮ ከመንገዱ አስወጣው። አንድ ተመልካች ደርሶ አስጣለው፤ ሯጩ ተመልሶ መሮጥ ጀመረ፤ ነገር ግን የሮጠበት ምት ተሰበረ። ማራቶን የሮጠ ሰው ያውቀዋል፤ 35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቆሞ እንደገና መነሣት ማለት ሌላ ማራቶን መጀመር ማለት ነው። ጣሊያናዊው ስቴፋኖ ባልዲኒ አለፈው፣ ለአሜሪካ የሮጠው መብራህቶም ክፍልዝጊ አለፈው፣ ዴ ሊማም ክንዶቹን እንደ አውሮፕላን ክንፍ ዘርግቶ እየሳቀ ሦስተኛ ሆኖ ገባ። ብራዚል ሁለተኛ ወርቅ ይሰጠን ብላ አቤት አለች፤ አልተሰጣትም።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሁለቱም ከፊት እየሮጡ፣ ሁለቱንም በውድድሩ ውስጥ ያልነበረ ሰው አቆማቸው። ለአንዱ ሙሉ ዋጋው ተከፈለው፣ ለአንዱ አልተከፈለውም። ልዩነቱ የዳኞቹ ደግነት አይመስለኝም። ዴ ሊማን የሚያሳድዱት ሯጮች ርቀቱን እያጠበቡ ነበር፣ የቀረውም ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፤ ባይገፈተር ኖሮ ያሸንፍ ነበር ወይ የሚለውን ማንም በእርግጠኝነት ሊመልስ አይችልም። ከዚህም በላይ ባልዲኒ ምንም አላጠፋም፤ የገፈተረው ሰው የማንም ቡድን አባል አይደለም፤ ታዲያ ማን ይቀጣ? በዳላስ ግን አጥፊው የአላባማ መለያ የለበሰ የአላባማ ተጫዋች ነው፤ ቀሪው መንገድም 40 ያርድ ገደማ ባዶ ሜዳ ነው። ተጎጂውን መካስና አጥፊውን መቅጣት አንድ ውሳኔ የሚሆንበት እንዲህ ያለ አጋጣሚ በስፖርት ውስጥ ብዙም አይገኝም። ስለዚህ የክሊፍ ሾው ውሳኔ ትክክል ብቻ ሳይሆን ቀላልም ነበር እላለሁ፤ የማትስማሙ ከታች ጻፉልኝ፣ ጽፋችሁም ሰብስክራይብ ማድረጉን አትርሱ።

ከታች ጻፉ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ስለ ቦውል ጨዋታዎች በተናገርኩ ቁጥር ደጋግሞ የሚመጣ አስተያየት አለ፦ “አላባማ በዚያ ውሳኔ ምክንያት የአሜሪካ ሻምፒዮንነቱን ተነጠቀ” የሚል። ወዳጆቼ፣ ይህ በፍጹም ሊሆን አይችልም፤ የማይሆነውም አላባማ 13ኛ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ሱፐር ቦውልን እያየን ስላደግን ቦውል የተባለው ሁሉ የዋንጫ ፍጻሜ ይመስለናል። በዚያ ዘመን የኮሌጅ ቦውል ማለት ከውድድር ዘመኑ ማብቂያ በኋላ፣ በአዲስ ዓመት ሰሞን፣ ከተሞች እንግዳና ገበያ ለመሳብ የሚያዘጋጁት የክብር ግጥሚያ ነበር። ኮተን ቦውልንም በ1937 የጀመረው አንድ የዳላስ የነዳጅ ነጋዴ ነው፤ ፌዴሬሽን ያወጣው የጥሎ ማለፍ ድልድል አልነበረም። ሻምፒዮኑን የሚሰይሙት ጋዜጠኞችና አሰልጣኞች በድምፅ ነበር፤ ድምፁም የሚሰጠው ከቦውሎቹ በፊት ነው።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ከዚያው ቀን አትራቁ። ሜግል በዳላስ ሲሮጥ፣ በማያሚ የኦሬንጅ ቦውል ጨዋታ ሜሪላንድ በኦክላሆማ 7 ለ 0 ተሸነፈ። ሜሪላንድ አስቀድሞ የ1953 ሻምፒዮን ተብሎ ነበር። ተሸንፎም ሻምፒዮን ሆኖ ቀረ! ሁለተኛ የወጣው ኖተር ዳም ደግሞ በዚያ ዘመን በመርሕ ደረጃ ወደ ቦውል ጨዋታ ስለማይሄድ ቤቱ ተቀምጦ በዓሉን አሳለፈ። እንግዲህ ሻምፒዮኑ ተሸንፎ ሻምፒዮን በሚሆንበት፣ ሁለተኛው ጨርሶ በማይጫወትበት ቀን፣ የዳላሱ ዳኛ ከማን ምን ሊነጥቅ ይችላል? ይህን ክርክር እዚህ ላይ ዘግቼዋለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና እንደሚከፈት ግን አውቃለሁ።

ወደ ዳላስ እንመለስ። በእረፍት ሰዓት ቶሚ ሉዊስ ወደ ራይስ ተጫዋቾች ዘንድ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ለምን እንዳደረገው ሲጠየቅም፣ በአላባማ ፍቅር ከመጠን በላይ ተሞልቶ እንደነበር ተናገረ። አበው በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እንዳሉት ሆነና፣ ሜግልና ሉዊስ አብረው በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ለመቅረብ በቁ። ሉዊስ ዕድሜውን ሙሉ በዚያች ቅጽበት ሲጠራ ኖረ፤ የአላባማን ብቸኛ ታችዳውን ያስቆጠረው እርሱ መሆኑን የሚያነሣ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም።

እኔን የሚቆጨኝ ግን ሜግል ነው። ጨዋታው 28 ለ 6 አለቀ፤ ከዳኛው ውሳኔ በኋላ የመጡትን ሁለት ታችዳውኖች ማንም አልሰጣቸውም፤ ራይሶች ራሳቸው ሮጠው አስቆጠሯቸው። ከሁለቱ አንዱ የሜግል የ34 ያርድ ሩጫ ነው። በ11 ሩጫ 265 ያርድ፣ በአማካይ በእያንዳንዱ ሩጫ ከ24 ያርድ በላይ! አንድ ሯጭ በአማካይ 5 ያርድ ካገኘ አሰልጣኙ ደስ ብሎት በሚያድርበት ጨዋታ፣ ይህን ያደረገ ሰው ዛሬ የሚታወሰው “ያ ከወንበር ተነሥተው የጣሉት ልጅ” ተብሎ ነው። ዳኛው ያርዱን መለሰለት፣ ነጥቡን መለሰለት፤ ዝናውን የሚመልስ የሕግ አንቀጽ ግን አልተገኘም።

የሜግል 265 ያርድ የኮተን ቦውል ክብረ ወሰን ሆኖ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆየ። የሰበረው በ2008 የሚዙሪው ቶኒ ቴምፕል ነው፣ በ281 ያርድ፤ እርሱም ኳሱን የተሸከመው ከ11 ጊዜ እጅግ በላይ ነበር።