አንድ ቀርቷል

እሺ... እየቀዳ ነው መሰለኝ። አዎ።

ድምፄ ራቅ ካለባችሁ ታገሱኝ። ዛሬም በስልክ ነው የምቀዳው። አዛውንቱ፣ ያ አሮጌው ሪከርደሬ፣ አልዳነም። ባለፈው ክፍል "ትንሽ ይረፍ፣ ይነሳል" ብዬ ነበር። አልተነሳም። ይበራል፣ ስክሪኑ ላይ ሰዓቱን ያሳያል፣ ትልቁን ማይክ ስሰካበት ግን ዝም ነው። ለማይኩ መላክ ያለበትን 48 ቮልት መላክ አቁሟል።

የእንቅልፉን ጉዳይ ክፍል ሁለት ዛሬ እንደምቀጥል ቃል ገብቼ ነበር። ይመጣል። ግን ሌላ ነገር ውስጤን እየበላኝ ስለ እንቅልፍ ባወራ ውሸት ይሆንብኛል። ስለ ኦርደሩ ነው። እ... ስለ ኦርደሩም አይደለም። ስለ ስልክ ጥሪው ነው።

አያቴን ልቀዳት እንደነበር ታውቃላችሁ። ስንት ጊዜ አወራሁላችሁ። ከእናንተ የመጡት ጥያቄዎችም ደብተሬ ላይ ተጽፈው ነበር። ቀጠሯችን ቅዳሜ ነበር። አዛውንቱ ከዚያ 12 ቀን ቀድሞ፣ ሰኞ ዕለት ወደቀ። በዚያው ማታ አዲስ ሪከርደር አዘዝኩ።

ገጹ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። የሪከርደሩ ፎቶ፣ ከሥሩ አረንጓዴ ነጥብ፣ ከነጥቡ ጎን "ስቶክ ላይ አለ፣ 1 ቀርቷል" ይላል። ከዚያ ሥር "በ3 ቀን ውስጥ ይደርስዎታል"። ያቺ "1 ቀርቷል" አጣደፈችኝ። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ብዬ ቶሎ ከፈልኩ። ማረጋገጫው በደቂቃ ውስጥ ኢሜይሌ ገባ። ገጹን መልሼ ሳየው አረንጓዴው ነጥብ ጠፍቷል። የእኔ ሆነ ማለት ነው። ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ምንም የለም። በአምስተኛው ትራኪንጉን ከፈትኩ፣ "በዝግጅት ላይ"። በሰባተኛውም "በዝግጅት ላይ"። ቻቱ ላይ ጻፍኩ። "ጉዳይዎ ለሚመለከተው ክፍል ተላልፏል" የሚል መልስ መጣ። የመለሰልኝ ሰው ይሁን ማሽን ዛሬም አልለየሁም። ሐሙስ ማታ፣ ቅዳሜ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ኢሜይል መጣ። "ያዘዙት ዕቃ ስቶክ ላይ ስላልተገኘ ኦርደርዎ ተሰርዟል።" በቃ። ሁለት መስመር።

10 ቀን! በመጀመሪያው ቀን "የለም" ቢሉኝ እኮ ሌላ ቦታ እፈልግ ነበር። የሚያንገበግበኝ ዕቃው አለመኖሩ አይደለም። ዕቃ ያልቃል፣ ያለ ነው። 10 ቀን ሙሉ አለ እየተባልኩ መጠበቄ ነው።

ዓርብ ጠዋት ደወልኩ። መጀመሪያ ያ የተቀዳው ድምፅ፣ "ለአገልግሎት ጥራት ሲባል ይህ ጥሪ ይቀረጻል"። ይህቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። ከዚያ ሙዚቃ። 22 ደቂቃ ሙዚቃ። ከዚያ እሷ መጣች።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልርዳዎት?"

ድምጿ ልጅ እግር ነው። ትንሽ ሻከር ብሏል፣ ብዙ ሲያወራ የዋለ ሰው ድምፅ። ከጀርባዋ ሌሎች ሰዎች ያንኑ "ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልርዳዎት" ሲሉ ይሰማል። የኦርደር ቁጥሩን ነገርኳት። ኪቦርዷ ሲንኳኳ ሰማሁ። ቁጥሩን መልሳ አነበበችልኝ፣ ቀስ ብላ፣ ሳትሳሳት።

"አዎ፣ ይታየኛል። ተሰርዟል።"

"ለምን?"

"ስቶክ ላይ ስላልተገኘ ነው።"

"ዌብሳይታችሁ እኮ አሁንም አለ ይላል። አሁን እያወራን ፊቴ ተከፍቶልኛል። 1 ቀርቷል ይላል።"

እውነቴን ነው። አረንጓዴው ነጥብ ተመልሶ ነበር።

እስከዚህ ድረስ በ"እርስዎ" ነው የምናወራው። እሷም፣ እኔም። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ድምፄ ከፍ አለ። "ታዲያ አንቺ እዚያ ቁጭ ብለሽ ምንድን ነው የምትሠሪው?" አልኳት።

አንቺ። ቁጭ ብለሽ።

ዝም አለች። አራት ሰከንድ ይሆናል። ድምፅ ስቆርጥ ነው የምውለው፣ የአራት ሰከንድ ዝምታ ምን ያህል እንደሚረዝም አውቃለሁ። እናንተ እንዳትሰሙት ስንቱን አራት ሰከንድ ቆርጬ ጥያለሁ። ይሄኛው አልተቆረጠም።

ከዚያ እንዲህ አለች። "እኔም የማየው እርስዎ የሚያዩትን ነው።"

እርስዎ አለችኝ። እኔ ከ"እርስዎ" ወደ "አንቺ" ወርጄ እሷ እዚያው ቆየችልኝ። ድምጿ አልከረረም። የሥራው ደንብ ስለሆነ ነው ልትሉኝ ትችላላችሁ። ይሆናል። ግን "አንቺ" የሚለው ቃል እኮ... ለእህቴ እለዋለሁ፣ ለጓደኛዬ እለዋለሁ፣ ፍቅር ነው። ለማላውቃት ሰው፣ በ"እርስዎ" ጀምሮ መሃል ላይ ሲገለበጥ ግን ግፍተራ ነው። እጅ ዘርግቶ መግፋት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። አልመለስኩትም። ይቅርታ ሳልጠይቃት "እሺ" ብዬ ዘጋሁት።

ከዚያ ጀምሮ "የማየው እርስዎ የሚያዩትን ነው" የሚለው ጆሮዬ ላይ ቀረ። እኔ ከዚያ ማዶ የተቀመጠ ሰው መደርደሪያው የሚታየው ይመስለኝ ነበር። ዞር ብሎ ማየት የሚችል። እሷ ግን መጋዘኑን ረግጣው ላታውቅ ትችላለች። ሌላ ሕንፃ፣ ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል። እሷም እኔም አንዱን ቁጥር ነው የምናየው። ልዩነታችን እኔ እንድቆጣ ይፈቀድልኛል፣ እሷ አይፈቀድላትም።

ነገሩ ሲያብሰለስለኝ ስለዚያ ቁጥር ማንበብ ጀመርኩ። ታውቁኛላችሁ፣ ያዝ ካደረገኝ አልለቅም። ያ "1 ቀርቷል" የሚለው ሰው መደርደሪያው ድረስ ሄዶ ቆጥሮ የጻፈው አይደለም። ሂሳብ ነው። ከገባው የተሸጠው ተቀንሶ፣ የተመለሰው ተደምሮ የሚወጣ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ስህተት ከገባበት ስህተቱ አብሮ ይኖራል። ካርቶን ሲገባ 12 ነው ተብሎ 11 ከሆነ፣ ዕቃው ያለቦታው ከተቀመጠ፣ ተሰብሮ ተጥሎ ሳይመዘገብ ከቀረ፣ ከተሰረቀ። አንዳንዱ ሻጭ ደግሞ ዕቃው እጁ ላይም የለም። ከአቅራቢው የሚላክለትን ዝርዝር ነው የሚያሳየው። ዝርዝሩ ከታደሰ ሰዓታት ካለፉ፣ የምታዩት የጠዋቱን እንጂ የአሁኑን አይደለም።

ኒኮል ዴሆራቲየስና አናንት ራማን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት አለ። የአንድ ትልቅ ቸርቻሪ 37 ሱቆች ውስጥ ወደ 370,000 የሚጠጉ የስቶክ መዝገቦችን አዩ። 65 በመቶው መደርደሪያው ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። እዚያ ሰው ዘወር ብሎ መደርደሪያውን ማየት እኮ ይችላል፣ ሱቅ ነው። እንዲያም ሆኖ። ይሄን ሳነብ ትንሽ ቀለለኝ፣ ከዚያ መልሶ ከበደኝ። ይሄን ያህል የታወቀ ነገር ከሆነ ያንን ቁጥር በእርግጠኝነት ለምን ያሳዩናል?

መዝገብ ላይ ኖሮ መደርደሪያ ላይ የሌለው ዕቃ ስም አለው። ፋንተም ኢንቨንተሪ ይሉታል። ፋንተም እንደ ጥላ፣ እንደ መንፈስ ያለ ነገር ነው። ይህን ሳነብ አዛውንቱ ትዝ አለኝ። እሱ መላክ ያቆመው ኃይልም ስሙ ፋንተም ፓወር ነው። ድምፁ በሚመጣበት በዚያው ገመድ ኤሌክትሪኩ ወደ ማይኩ ይሄዳል። የተለየ ሽቦ ስለሌለው ነው ስሙ። ደግሞ 48 ቮልት የሆነበት ምክንያት ደስ ይላል። የጀርመኑ ኖይማን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1966 ለኖርዌይ ብሔራዊ ሬዲዮ ማይክ ሲሠራ፣ ስቱዲዮዎቹ ውስጥ ለአደጋ ጊዜ መብራት የተዘረጋ 48 ቮልት ነበር። በዚያ ይሥራ ተባለ። አሁን የዓለም ስቱዲዮ ሁሉ 48 ነው። ያኔ ግድግዳው ውስጥ ሌላ ቁጥር ቢኖር ኖሮ ዛሬ... ወዴት ሄድኩ?

አዎ። ፋንተም። የማይኩ ኃይል አይታይም፣ ግን አለ። የእኔ ሪከርደር ይታያል፣ ግን የለም።

ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ይሄ ነው። የሌለ ዕቃ መዝገብ ላይ ከገባ በራሱ አይጠፋም። ሱቅ ውስጥ ከሆነ ማንም አንስቶ ስለማይገዛው ቁጥሩ አይቀንስም። ቁጥሩ ካልቀነሰ ሲስተሙ "አልቋል፣ ይታዘዝ" አይልም። ኦንላይን ላይ ከሆነ ሰው ይገዛዋል፣ መጋዘን ውስጥ ይፈለጋል፣ ይታጣል፣ ኦርደሩ ይሰረዛል። ስረዛውን የሠራው ሰው ቁጥሩን ካላስተካከለ ደግሞ ዕቃው "ተመለሰ" ተብሎ ይቆጠራል። 1 ቀርቷል። ያ አረንጓዴ ነጥብ እንደዚያ ነው የተመለሰው ብዬ አስባለሁ። የተሰረዘው የእኔው ኦርደር ነው ያበራው።

አይ፣ ግን እኮ ተቆጥቻለሁ። አሁንም። ልጅቷ ላይ አይደለም። ቁጥር ማሳየት ቃል መግባት ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በፖስታ ታዞ ለሚላክ ዕቃ የወጣ ደንብ አለ፣ ኋላ ኢንተርኔቱንም አካቷል። ሻጩ በዚህ ቀን እልካለሁ ሲል ለማለቱ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ቀን ካልጠቀሰ 30 ቀን አለው። ካዘገየ ለገዢው ነግሮ፣ ትጠብቃለህ ወይስ ገንዘብህ ይመለስ ብሎ መጠየቅ አለበት። መጠየቅ! እኔን ማንም አልጠየቀኝም። በሁለተኛው ቀን አንድ ሰው "አጣነው፣ እየፈለግን ነው" ብሎ ቢጽፍልኝ ስልክ አልደውልም ነበር። "አንቺ" አልልም ነበር።

ወይም እል ነበር። እንጃ። ይሄን ሁሉ በእነሱ ላይ ስከምረው ቀላል ይሆንልኛል።

ቅዳሜ አያቴን በስልክ ቀዳኋት። ተረጋግታ አወራች፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ። ያልጠበቅሁትን ነገረችኝ፣ ሌላ ጊዜ አወራላችኋለሁ። ግን ከጀርባዋ ፍሪጁ አለ። ህምምም ይላል። ላጠፋው ሳልችል ቀርቼ አይደለም፣ ረሳሁት፣ ጭንቅላቴ ዓርብ ጠዋት ላይ ነበር። በሶፍትዌር ላጸዳው ሞከርኩ። ፍሪጁን ስቀንስ የእሷም ድምፅ ይሳሳል። የድምጿ የታችኛው ክፍል፣ ያ ወፍራሙ፣ ፍሪጁ ካለበት ቦታ ነው ያለው። አንዱን ሳትነኩ ሌላውን መንካት አይቻልም። ስለዚህ ፍሪጁን ተውኩት።

እና ያቺ ያዙልኝ ያልኳችሁ። "ይህ ጥሪ ይቀረጻል።" የዓርቡ ድምፄም የሆነ ቦታ ተቀምጧል ማለት ነው። "ታዲያ አንቺ እዚያ ቁጭ ብለሽ።" ፍሪጅ የሌለበት። አለቃዋ ሊሰማው ይችላል። ምናልባት አዲስ ለሚገቡ ሰዎች ያሰሙት ይሆናል፣ እንዲህ ዓይነት ደንበኛ ሲመጣ እንዲህ መልሱ ብለው። ወይም ማንም አይሰማውም፣ ከሺዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠፋል። የቱ እንደሚሻለኝ አላውቅም።

ገንዘቡ በስድስተኛው ቀን ተመለሰ። እሱ አልቋል።

ገጹን ግን ማታ ማታ እከፍተዋለሁ። መግዛት ፈልጌ አይደለም። ማክሰኞ ሳየው አረንጓዴው ነጥብ የለም። ደነገጥኩ። አስተካክለውት ይሆናል ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ። ረቡዕም የለም፣ ሐሙስም። በቃ፣ ቆጠሩት አልኩ። ትናንት ማታ ተመለሰ። 1 ቀርቷል።

ሌላ ሰው ማለት ነው። ሌላ ሰው ከፍሎ፣ ጠብቆ፣ ተሰርዞበት። ደውሎም ይሆናል። ለእሷም ሊደርሳት ይችላል።

ዛሬ ጠዋት ደወልኩ። ዕቃው የለም፣ ቁጥሩን አጥፉት ልላቸው ነው። እሷን ካገኘኋት ደግሞ... ስሟን እንኳ አልያዝኩም። ነግራኝ ነበር እኮ፣ መጀመሪያ ላይ፣ "ጤና ይስጥልኝ" ካለች በኋላ። ሙዚቃው ጀመረ። ስምንት ደቂቃ ያህል ጠበቅሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር እያሰብኩ ነበር፣ "ባለፈው የደወልኩት እኔ ነኝ" ልበል ወይስ... አንድ ሰው አነሳ። ወንድ ነው። "ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልርዳዎት?"

እና እኔ...

ቆይ፣ ስልኩ ባትሪ እየጨረሰ ነው። ቻርጀሩን ላምጣ።