ጨው፣ ድኝ፣ ባዜቃ

ሰላም ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ወሬው ትንሽ ዞር ዞር ስለሚል ታገሱኝ።

በቀደም አንዲት ጓደኛዬ የመታጠቢያ ጨው በስጦታ ሰጠችኝ። ብልቃጡ ያምራል፣ እውነቴን ነው። ክዳኑ እንጨት፣ ጨዉ ሮዝ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ሦስት ወርቃማ ምልክቶች ታትመዋል። አንዱ መሃሉን መስመር የሚያቋርጠው ክብ ነው። ሁለተኛው ከሥሩ መስቀል የተንጠለጠለበት ሦስት ማዕዘን። ሦስተኛው አናቱ ላይ ቀንድ ያበቀለ ክብ፣ እሱም ከታች መስቀል አለው። ከሥራቸው «የሰውነትን ሚዛን ይመልሳል» ይላል። የእኔ ሚዛን እንደጎደለ በምን አወቀ?

ምልክቶቹ የአልኬሚ ናቸው፣ ማለትም ተራ ማዕድንን ወርቅ ለማድረግ ይሞክር የነበረው የድሮ ጥበብ። ክቡ ጨው ነው፣ ሦስት ማዕዘኑ ድኝ፣ ባለ ቀንዱ ባዜቃ፣ ማለትም ያ ድሮ ቴርሞሜትር ውስጥ የምናየው ሜርኩሪ። ሦስቱን አንድ ላይ ያሰለፋቸው ፓራሴልሰስ የሚባል ሐኪም ነው። በ1493 ስዊዘርላንድ ውስጥ ተወልዶ በ1541 ሳልዝበርግ ሞተ (አሁን የምጠራቸው ዓመቶች በፈረንጆቹ ናቸው)። አባቱም ሐኪም ነበር፣ እሱም ያደገው ማዕድን በሚወጣበት አገር ነው። ተሳዳቢ፣ ተጣልቶ ከከተማ ከተማ የሚዞር ሰው። ባዝል ላይ ሲያስተምር በ1527 የድሮውን ታላቅ ሐኪም የአቡ አሊ ሲናን የሕክምና መጽሐፍ በአደባባይ እሳት ውስጥ ወረወረ ይባላል። አስቡት እንግዲህ።

ሐሳቡን ለማስረዳት የሚነድ እንጨት ያነሳል። የሚነደው ድኝ ነው፣ የሚጨሰው ባዜቃ ነው፣ አመድ ሆኖ የሚቀረው ጨው ነው። ሰውም እንደዚያው ነው ይላል፦ ድኝ ነፍስ፣ ባዜቃ መንፈስ፣ ጨው ሥጋ። ሦስቱ ተስማምተው ሲኖሩ ጤና ነው፤ አንዱ ሲታበይና ከሌሎቹ ሲለይ በሽታ ይመጣል። እኔ ይሄ ነገር ይማርከኛል። ኬሚስትሪ ባይሆንም ሰውን የማሰቢያ መንገድ ነው። ራሴን አንዳንዴ «ዛሬ ድኝሽ በዝቷል» እላታለሁ፣ በተለይ ታክሲ ሰልፍ ላይ።

ችግሩ የሚጀምረው ምልክቱ ዕቃ ሲሆን ነው። ባዜቃን መንፈስ ነው ብለው የሚያስቡ ሰዎች መጨረሻ ላይ ዋጡት። ቻይና ውስጥ የታንግ ዘመን ነገሥታት ዕድሜ ይቀጥላል የተባለ የማዕድን እንክብል እየዋጡ ሞተዋል። አውሮፓ ውስጥ ለቂጥኝ ባዜቃ ሲቀቡና ሲታጠኑ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል፣ ጥርሳቸው እየረገፈ። ራሱ ፓራሴልሰስም በባዜቃ ያክም ነበር። ግን በ1538 ከጻፈው ውስጥ አንድ ነገር አለ፦ ሁሉም ነገር መርዝ ነው፣ ያለ መርዝ የሆነ የለም፣ መርዝ እንዳይሆን የሚያደርገው መጠኑ ብቻ ነው። ብልቃጡ ላይ ይሄን ማን ያትምልናል? ምልክቱን ወሰዱና መጠኑን ተዉት።

ይሄ ደግሞ የድሮ ወሬ ብቻ አይደለም። ቆዳ የሚያነጡ አንዳንድ ክሬሞች ውስጥ እስከ ዛሬ ባዜቃ አለ፣ ኩላሊት ይጎዳል። በ2004 የታተመ አንድ ጥናት ቦስተን አካባቢ የሚሸጡ 70 የአዩርቬዳ (የሕንድ ባህላዊ ሕክምና) መድኃኒቶችን መርምሮ 14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ባዜቃ ወይም አርሰኒክ አግኝቷል። እነዚህም የሚሸጡት በ«ሚዛን» ስም ነው።

ድኙን ቶሎ ልለፈው። ድኝ ሲባል ትዝ የሚለኝ ፍል ውሃ ነው። ፍል ውሃ እወዳለሁ፣ ወንዶ ገነትም ሶደሬም ውሰዱኝ፣ አልከራከርም። ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ዘና ይላል፣ አለቀ።

አሁን ወደ ጨዉ። ሮዝ ጨው የሚመጣው በብዛት ከፓኪስታን ነው፣ ኬውራ ከሚባል ማዕድን ማውጫ። ሮዝ ያደረገው ብረት ነው፣ ዝገት ቀይ የሚሆነው በምን ሆነና። «ሰማንያ ምናምን ማዕድን አለው» ይሏችኋል። ሊኖረው ይችላል። ግን ከ100 እጁ 98 ያህሉ ያው የምናውቀው ጨው ነው፤ የቀረው በጣም ጥቂት ስለሆነ ከእሱ ለመጠቀም በማንኪያ ሳይሆን በጎድጓዳ ሳህን መብላት ይኖርባችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው።

ለመታጠቢያ ከሆነ ግድ የለኝም፣ ያው ውሃ ውስጥ ነው የሚሄደው። የሚያሳስበኝ ወጥ ውስጥ ሲገባ ነው። ምክንያቱም ከዚያ ሁሉ ማዕድን መሃል እኛ የምንፈልገው አንዱ የለም በሚባል ደረጃ ነው ያለው፦ አዮዲን፣ ሲጎድል እንቅርት የሚያመጣው።

እዚህ ጋ አክስቴን ላንሳ። አንገቷ ላይ ንቅሳት አለ፣ ዙሪያውን እንደ ድሪ የተደረደረ አረንጓዴ መስመር። ልጅ ሆኜ ጌጥ ይመስለኝ ነበር። ስጠይቃት «እንቅርት እንዳይወጣብኝ ነው እናቴ ያስነቀሰችኝ» አለችኝ። እንቅርቱ ግን ወጣ። መስመሮቹ አሁን ተወጥረው፣ መሃላቸው ተራርቆ ነው የሚታዩት። ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ትሸፍነዋለች፣ ፎቶ ሲነሳማ ሁለት ዙር።

እናቷን አልወቅስም። ደገኛ ናት፣ አፈሩ አዮዲኑን ዝናብ ያጠበው ነው፣ ከዚያ አፈር የበቀለ ጤፍም ገብስም አዮዲን ከየት ያመጣል? በእጇ ያለው መርፌና ጥላሸት ነበር፣ እሱን ተጠቀመች። እሷ የሠራችው ምልክት ቢያንስ በትክክለኛው ቦታ ላይ ነው የተሠራው።

የአዮዲን አገኛኘት ደግሞ፣ ስሙኝማ፣ ከአልኬሚም በላይ አልኬሚ ነው። በ1811 በርናር ኩርቷ የሚባል ፈረንሳዊ ለባሩድ የሚሆን ጨው ከባሕር አረም አመድ እያዘጋጀ ነበር። ዕቃውን ሊያጥብ የድኝ አሲድ አበዛበት። ወይን ጠጅ የመሰለ ጭስ ተነሳ፣ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ቅንጣት ሆነ። አመድ፣ ድኝ፣ ጭስ። ፓራሴልሰስ ቢያይ ይጨፍር ነበር! ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ጄኔቫ ያለ ኩዋንዴ የሚባል ሐኪም ለእንቅርት ሰጠው፣ ሠራም። ከዚያ ሰዉ በየቤቱ ያለ ልክ መጠጣት ጀመረና ብዙዎች ታመሙ። መጠን እንደገና። ትክክለኛው መፍትሔ ሆኖ የተገኘው እጅግ ጥቂቱን ጨው ውስጥ መቀላቀል ነው፤ ስዊዘርላንድ በ1922 ጀመረች። ለአዋቂ በቀን የሚበቃው 150 ማይክሮግራም ነው፣ በዓይን እንኳ እምብዛም አይታይም። ነፍሰ ጡር 250 ያስፈልጋታል፣ ምክንያቱም የሚጎዳው የልጁ አንጎል ነው፣ አንገት ብቻ አይደለም።

እኛ አገር፣ በራሳችን አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ነው ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው የሚል ደንብ የወጣው። እና አሁን፣ ስንት ተለፍቶ የገባውን፣ በብልቃጥ ማማር ከወጥ ቤታችን ልናስወጣው? ይሄማ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው፣ ቃል በቃል።

ስለዚህ ሮዙን መታጠቢያ ቤት አስቀምጫለሁ፣ ጓደኛዬም እንዳትቀየም። ወጥ ቤት ያለው አዮዲን ያለበት ተራ ጨው ነው፣ ማሸጊያው ላይ አንብባችሁ ግዙ። ክዳን ባለው ዕቃ አድርጉት፣ እርጥበትና ፀሐይ አዮዲኑን ያባርረዋል። ወጡ ውስጥም ሊወጣ ሲል ጨምሩ፣ ከሽንኩርቱ ጋር አታቁላሉት። የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሕመም ያለባችሁ ግን ከእኔ ሳይሆን ከሐኪማችሁ ስሙ።

በሉ፣ ቸር እንሰንብት።