ጠርሙስ ይዘው መጡ፣ ናሙና ወስደው ሄዱ፤ ውጤቱስ?

ስለ መንግሥት የምርምር ገንዘብ ከአቃቂ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከገላን ለደወሉ አድማጮች አንድ የአካባቢ ምህንድስና ባለሙያ የሰጡት መልስ።

ጥያቄ (ከአቃቂ፣ አትክልት አምራች እናት)፦ ወንዙ ዳር ጎመንና ቆስጣ አለማለሁ። በየዓመቱ ተማሪዎች መጥተው ውኃውን ቀድተው፣ ጎመኑን ነቅለው ይሄዳሉ። ተመልሶ «ይህን አገኘን» ያለኝ ግን የለም። ገንዘቡ የመንግሥት አይደለም ወይ?

መልስ፦ ነው፣ እናቴ። ቀድተው ከሄዱት አንዱ እኔ ነኝ፤ በተማሪነቴ ከዚያው ወንዝ ወሰድኩ፣ አልተመለስኩም።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከበጀታቸው ለምርምር ድርሻ ይይዛሉ፤ መምህራን የጥናት ንድፍ አቅርበው ይወዳደሩበታል። በንድፉ ውስጥ ለኬሚካል፣ ለውሎ አበል፣ ለኅትመት ገንዘብ ይያዛል። ውጤቱን ለገበሬው ለመንገር ግን ብዙ ጊዜ አንድ ብር አይያዝም። ጽሑፉ መጽሔት ላይ ሲወጣ ሥራው አለቀ ይባላል፤ መምህሩም ማዕረግ የሚያገኘው በመጽሔቱ እንጂ በእርስዎ ጎመን አይደለም።

ያልነገርኩዎትን ዛሬ ልንገርዎ። በአቃቂ ወንዝ በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየም የተባሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ክሮሚየም ለቆዳ ማልፊያ የሚውል ንጥረ ነገር ነው። እንደ ቆስጣና ሰላጣ ያሉ ቅጠላቸው የሚበላ ተክሎች ከቲማቲም ይበልጥ እነዚህን ብረቶች ያከማቻሉ። ማጠብ አፈሩን ያነሳል፣ ጀርሙንም ይቀንሳል፤ ሥሩ የሳበውን ብረት ግን አያወጣም። ከእንግዲህ ጠርሙስ የያዘ ሲመጣ፣ ማሳዎን ከማሳየትዎ በፊት የተማሪውን አማካሪ መምህር ስልክ ይቀበሉ።

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ)፦ በጀቱ ጸድቋል ይሉናል፤ መደርደሪያችን ግን ባዶ ነው። ለምን?

መልስ፦ ሰኔ 30 ነዋ! የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ንድፉ ተገምግሞ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ የውጭ ምንዛሪ ተጠብቆ ኬሚካሉ ጉምሩክ ሲደርስ ዓመቱ ያልቃል። ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል።

ባክቴሪያ ደግሞ የበጀት ዓመት አያውቅም። በባክቴሪያ ዝቃጭ አብላልቶ ጋዝ የሚያወጣ አነስተኛ ታንክ እንኳ እስኪረጋጋ ወራት ይፈጃል። እኔን የሚያናድደኝ የክረምቱ ነገር ነው፦ ወንዙ ሲሞላ ምን ይዞ እንደሚወርድ የሚለካው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ የአሮጌው ዓመት ሒሳብ ተዘግቶ፣ አዲሱ ባልተለቀቀበት ወቅት። ስለ በጋው ውኃ ስናወራ፣ ጎርፉ ዝም ብሎ ያልፋል።

ጥያቄ (ከገላን፣ ወጣት)፦ አሜሪካ ውስጥ ለኬሚካል፣ ለባዮሎጂና ለአካባቢ ምህንድስና ምርምር ገንዘብ የሚሰጥ የመንግሥት ተቋም አለ አሉ። ከቄራ ተረፈ ምርት ባዮጋዝ መሥራት እሞክራለሁና፣ ማመልከት እችላለሁ?

መልስ፦ አለ፤ በ1950 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተቋቋመው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ነው። ገንዘቡ በመሠረቱ ለአሜሪካ ተቋማት ስለሆነ ብቻዎን አያገኙትም። እኔን የሚያስቀናኝ መጠኑ ብቻ አይደለም፤ ድጋፉ ብዙ ጊዜ ለሦስት ዓመት ያህል መፈቀዱ ነው። ሦስት ክረምት ማለት እኮ ነው!

ለእርስዎ ቂሊንጦ ይቀርባል። እዚያ ያለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የኬሚካልና የአካባቢ ምህንድስና ያስተምራል። አብሮዎት የሚያመለክት መምህር ይፈልጉ፤ ንድፉ ላይም ውጤቱን ወደ ሰፈር የሚመልስ የታክሲ ሒሳብ አስገቡ።