የት ቀበራችሁት?

እሺ... ሰላም ናችሁ? ስለ ቤት ኪራዩ ነገር እቀጥላለሁ ብዬ ነበር፣ እሱ ይቆየኝ። አውራ ዶሮውም ዛሬ ከጓሮ አለ፤ ከሰማችሁት እሱ ነው።

አባዬ ደህና ነው። ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁኝ አስቀድሜ ልበለው። ቁስሉ ጠግጓል፣ ቢቸና ገብቷል፣ ከብቶቹን አይቷል። ግን ሆስፒታል እያለን አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ እኔም ዋሸሁት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ልክ አይደለም።

ከሳፋው ልጀምር።

አባዬ ደረቱ ውስጥ ዕጢ ነበረበት፤ እሱን የማውጣት ቀዶ ሕክምናው አምስት ሰዓት ገደማ ፈጀ። እኔና ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ነበርን። ሐኪሙ ወጣ፤ የኮፍያው ላስቲክ ግንባሩ ላይ መስመር ሠርቶበታል። «ሙሉውን አውጥተነዋል» አለ። ከዚያ «ማየት ትፈልጋላችሁ?» አለን። ወንድሜ ፊቱን አዞረ። እኔ «አዎ» አልኩ። ነርሷ ሳፋ ይዛ መጣች፤ ላዩ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ አለ። ገለጠችው።

ነጣ ያለ ነው። ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ፣ ደም ሥሮቹ በላዩ እንደ ሐረግ የተሳቡበት። 2 ኪሎ ከ600 ግራም። እኔ የጠበቅሁት የሚያስጠላ ነገር ነበር። አላስጠላኝም። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለወንድሜም። ቆሜ አየሁት፤ ነርሷ «ይበቃል?» እስክትለኝ ድረስ አየሁት።

በሦስተኛው ቀን፣ የደረቱ ቱቦ ገና ሳይወጣ፣ አባዬ ዓይኑን ጣሪያው ላይ እንደተከለ «አየሽው?» አለኝ።

«አላየሁትም» አልኩ። ቶሎ ነው ያልኩት። ሳላስብ።

ዝም አለ። ከዚያ «የት ቀበራችሁት?» አለ።

የት ቀበራችሁት። እንዲህ ብሎ ይጠይቃል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ግን ማሰብ ነበረብኝ፤ አገሬ አይደለም እንዴ? ጎረቤታችን እግራቸው የተቆረጠ ጊዜ ልጆቻቸው በነጠላ ጠቅልለው አምጥተው አልቀበሩትም? ከሰው የወጣ ነገር ሜዳ ላይ አይጣልም። እኔ ደግሞ «እነሱ ያውቃሉ አባዬ፣ አሁን ጓንቱን ንፋ» አልኩት። ሳንባው እንዲለማመድ የሚነፋው የላስቲክ ጓንት አለ፣ እሱን። ታዘዘኝ። ነፋ። ያ መታዘዙ ነው... እንጃ፣ ያ መታዘዙ ነው መሰለኝ የማያስተኛኝ።

ሕመሙን በደንብ ሳልነግራችሁ ቆይቻለሁ። ሐኪሙ የሐኪም ማዘዣ ጀርባ ላይ ሥሎ ነው ያስረዳን። ሳንባ ሁለት ስስ ሽፋን አለው፤ አንዱ ሳንባውን ራሱን የለበሰ፣ አንዱ የጎድን አጥንቱን ከውስጥ የለበሰ። ስንተነፍስ አንዱ በአንዱ ላይ ይንሸራተታል። ይህኛው ዕጢ ከዚያ ሽፋን ላይ ይበቅላል፤ ብዙ ጊዜ ሳንባውን ከለበሰው፣ አንዳንዴም እንደ ፍሬ በቀጭን ግንድ ተንጠልጥሎ። ሶሊታሪ ፋይብረስ ቱመር ይሉታል። ከሲጋራ አይመጣም፣ ከአስቤስቶስም አይመጣም። ከ10 ሰው በ8ቱ ገደማ ክፉው ዓይነት አይደለም። ግን ዝም ብሎ ያድጋል፤ የአባዬ የቀኝ ደረቱን ከግማሽ በላይ ይዞት ነበር። መጀመሪያ የታየበት ቦታ ፈሳሽ ነው ብለው በመርፌ ሊቀዱት ሞከሩ፣ ጠብ አላለም። ከዚያ በፊት ስንት ወር የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ውጧል። እሱን ልተወው።

አሁን የምነግራችሁ ግን... ፍልሰታን ታስታውሳላችሁ? «የአባቴ ዝምታ» ያልኩትን ክፍል። ከቅዳሴ በፊት ዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ዓይኑ ሩቅ ሄዶ፣ ስጠራው የማይሰማኝ። ላብ በላብ ሆኖ። ተመስጦ ነው ብዬ ለእናንተ ነገርኳችሁ። ስንቶቻችሁ አለቀስን ብላችሁ ጻፋችሁልኝ። ሲያስቀድስ ውሎ፣ ቅዳሴ ወጥቶ እናቴ ብርዝ ስታጠጣው ነው ወደ ራሱ የሚመለሰው፤ የጎጃም ማር እኮ ነው፣ ሙት ያስነሣል እንል ነበር።

ስኳር ነው። ስኳሩ ወርዶ ነው። ሆስፒታል የገባ ለታ ጠዋት ሲለካ 38 ነበር፤ 70 መድረስ የነበረበት። ዕጢው ራሱ አይ ጂ ኤፍ 2 የሚባል፣ ሥራው ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊንን የሚመስል ነገር እያመነጨ ደሙ ውስጥ ይለቅ ነበር። ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚታየው፣ ዕጢው ካለባቸው ከ100 አምስት አይሞላም ይላሉ። በፈረንጆቹ 1930 ዶጌ እና ፖተር የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች አሜሪካ ውስጥ፣ ለየብቻቸው ጽፈውታል፤ ስሙም የነሱ ነው። ዕጢው ሲወጣ ስኳሩ ይመለሳል። የአባዬም በማግሥቱ ተመለሰ።

ታዲያ ያን ክፍል ላጥፋው? አላጠፋሁትም። አንዳንዴ ውሸት ነው እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ፣ ስኳሩ ስለወረደ ጸሎት አልነበረም ማለት ነው እንዴ? ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ... አላውቅም። እሱን ጠይቄው ነበር፣ «ያኔ ምን ይታይህ ነበር?» ብዬ። «ውኃ» አለኝ። «ዓባይ ሲሞላ።» ሌላ አልጨመረም።

እ... ምን እያልኩ ነበር? ቀዶው። ማውጣት ነው ዋናው ሕክምና፣ ከነግንዱ፣ ምንም ሳይቀር። ጎኑን በጎድን አጥንቶቹ መሀል ከፍተው ነው የገቡት። ሲደማ ኃይለኛ ነው ተብሎ ደም ስጡ ተባልን፤ ከደብረ ማርቆስ የአክስቴ ልጆች ሌሊት ተነሥተው መጡ። ዓመታት ተጨፍልቆ የኖረ ሳንባም በአንዴ አይነፋም፤ በድንገት ከተዘረጋ ፈሳሽ ይሞላዋል። ስለዚህ ማደንዘዣ የሰጠው ባለሙያ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ነፋው። ሐኪሙ ይህን ሲነግረን በእጁ ያሳየን ነበር፤ መዳፉን ጨብጦ ቀስ አድርጎ ሲከፍተው።

እና «የት ቀበራችሁት» ላለኝ እውነቱ፣ አልተቀበረም። ፓቶሎጂ ሄደ፣ ከሰው የወጣ ነገር ወደሚመረመርበት ክፍል። እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ ገባ፣ ተቆረጠ፣ ቁራጮቹ በሰም ተደፈኑ። ይህ ዕጢ ናብ 2 እና ስታት 6 የሚባሉ ሁለት ጂኖች ተጋጥመው የሚመጣ መሆኑ የታወቀው በፈረንጆቹ 2013 ነው፤ ስለዚህ በቀለም ነክረው ስታት 6ን ይፈልጋሉ። ለዚሁ ምርመራ አንዱ ቁራጭ ከአገር ወጥቷል። አባዬ ዓባይን የተሻገረው ለሕክምና ብቻ ነው፤ ከሱ የወጣው ግን ባሕር ተሻገረ። የቀረውን ምን እንዳደረጉት አልጠየቅሁም።

በሰም ተደፍኖ አለ ብዬ ብነግረው? ሰም ለሱ ጧፍ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ነው። ምናልባት ደስ ይለው ነበር። ወይም ደግሞ «አየሁት ነው የምትዪኝ?» ይለኛል፤ ያኔ ስለ መዋሸቴ ምን እላለሁ?

ጥቅምት ላይ ለሲቲ ስካን እንመለሳለን። ከ10 ዓመት በኋላም ሊመለስ ይችላል ተብሏል፣ እየተመላለስን ልንታይ ነው። ያኔ ፓቶሎጂውን ልጠይቅ እያልኩ ነው። የቀረ ካለ ስጡኝ ልበል? ቢሰጡኝስ፣ በዕቃ አድርጌ፣ በአውቶብስ፣ ደጀን ድረስ ያን ቁልቁለትና ዳገት ይዤው...

እሱ ለኔ ቢሆን ያመጣው ነበር። በእግሩም ቢሆን።

እንጃ። ዶሮው ዝም አለ ደግሞ... ቆይ፣ እናቴ ናት የደወለችው። ላንሳላት፣ እ?