አሲዱን ከመምረጣችን በፊት

የተከበራችሁ የውበት ሳሎን ባለቤቶችና ባለሙያዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ባለፈው ጥር አንዲት ሙሽራን እናቷ እጇን ይዘው ወደ ምርመራ ክፍሌ አስገቧት። ሰርጉ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ማድያቷ እንዲጠፋላት ከሳምንታት በፊት ኬሚካል ፒል፣ ማለትም ቆዳን የሚልጥ አሲድ፣ ተቀብታ ነበር፤ ጉንጮቿ ተቃጥለው ከማድያቱ የባሰ ጥቁረት ወጥቶባቸዋል። «ጠንካራውን ነው የምቀባሽ ተብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» አለችኝ። ይህች «ጠንካራ» የምትባል ቃል ከሳሎኖቻችን እንድትወጣ ልለምናችሁ ነው የመጣሁት።

የእኛ ቆዳ ሲቆጣ ይጠቁራል። ብጉር የነበረበት ቦታ ለወራት ጠቁሮ እንደሚቆይ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አሲድ ያቃጠለውም እንዲሁ ነው። አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ቆዳን ለፀሐይ በሚሰጠው ምላሽ መደቡት። መጀመሪያ የታሰበው ለነጮች ነበር፤ ጠይምና ጥቁር ቆዳ በኋላ ተጨምሮ ምድቡ ስድስት ሆነ። አብዛኞቻችን ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ባለው ውስጥ ነን። ለእኛ የሚስማማው ላይ ላዩን የሚልጠው ፒል ነው። ጠልቆ የሚገባውና የልብ ምትን ሊያዛባ የሚችለው ፊኖል የሚባል ኬሚካል ሳሎን ውስጥ ምንም ቦታ የለውም።

ወዛምና ብጉር የሚበዛበት ፊት ላይ ሳሊሲሊክ አሲድን እመርጣለሁ፤ በቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ ወደ ተደፈነው የቆዳ ቀዳዳ ይዘልቃል። ለነፍሰ ጡርና አስፕሪን ለማይስማማው ሰው ግን አይደረግም። ቶሎ ለሚቆጣ ፊት ማንደሊክ ይሻላል፤ ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚሰርገው። ግላይኮሊክ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ፈጥኖ ይገባል፣ በሰዓቱ ካልተገታም መብላቱን ይቀጥላል። በጠርሙሱ ላይ ባለው መቶኛ ብቻ አትመኑ። ሁለት ጠርሙሶች እኩል 30 በመቶ ቢሉም፣ ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ ዝቅ ያለው አብልጦ ያቃጥላል። ፒኤቹን ከማይነግራችሁ ነጋዴ አትግዙ።

ማድያት ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ፒል ብቻውን አያድነውም፤ ፀሐይ ካገኘው ይመለሳል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ ብርድ ስላለ ብቻ የዋህ አይደለችም። ማድያትን የሚታየው ብርሃንም ስለሚያባብሰው፣ የብረት ኦክሳይድ ያለበትን ባለቀለም የፀሐይ መከላከያ አስለምዷቸው። ይህን በየቀኑ ለማትቀባ ደንበኛ እኔ ፒል አልሠራም።

ከመቀባታችሁ በፊት ጠይቁ። ከንፈሯ ላይ ምች ይወጣባታል? ቁስሏ ሲድን ያብጣል? ከሁሉ በላይ፣ ፊት የሚያቀላ ክሬም ትጠቀማለች? ብዙዎቹ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት አለባቸው፤ ቆዳውን ያሳሳሉ፤ በሳሳ ቆዳ ላይ ደካማው አሲድም ያቃጥላል። ይህን ግን ሌሎች ደንበኞች በተቀመጡበት አትጠይቋት፤ አፍራ ትደብቃችኋለች። ለብቻ ወስዳችሁ፣ በለዘበ ድምፅ ጠይቋት።

ለጥር ሰርግ የምትዘጋጅ ሙሽራ በመስከረም ትምጣ። ከጆሮዋ ኋላ ጥቂት ቀብታችሁ ቆዳዋ እንዴት እንደሚሆን እዩ፤ ከዚያ ከደካማው ጀምራችሁ፣ በመካከሉ ሦስት አራት ሳምንት እያሳረፋችሁ ሥሩ። የመጨረሻው ከሰርጉ ቢያንስ አንድ ወር ይቅደም። ዘጠኝ ቀን ሲቀራት ከመጣች ግን ፊቷን አጥባችሁ፣ ማለስለሻ ቀብታችሁ ሸኟት።