ቀልቡ የት ሄደ?

ትዕግሥት፦ ጤና ይስጥልን፣ ከጎንደር ነን። ዛሬ ስለ ኤዲኤችዲ እናወራለን። «የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት ችግር» የሚሉት አሉ። ሰፈር ውስጥ ግን «ቀልብ የለውም» ነው የምንለው።

ሙሉቀን፦ እኔን ሲሉኝ የኖሩት እሱን ነው። እናቴ ሱቅ ትልከኛለች። ዘይት፣ ጨው፣ ክብሪት። በሩን እስክወጣ እደጋግመዋለሁ። መንገድ ላይ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ አያለሁ። ሱቁ ጋ ስደርስ ትዝ የሚለኝ ክብሪቱ ብቻ ነው።

ትዕግሥት፦ ከዚያ ቁጣ።

ሙሉቀን፦ «ሆን ብለህ ነው» ትለኝ ነበር። ሆን ብዬ አልነበረም። የተነገረንን ለአፍታ አእምሮ ላይ ይዞ የማቆየት አቅም አለ አይደል? ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው ላይ የሚደክመው አንዱ እሱ ነው።

ትዕግሥት፦ ይሄን ካወቅኩ ወዲህ የማስተምርበትን ክፍል ሳየው ደነገጥኩ። «ደብተር አውጡ፣ ቀን ጻፉ፣ ገጽ 40 ግለጡ፣ ጥያቄ 3ን ሥሩ» እላለሁ፣ በአንድ ትንፋሽ። አንድ ልጅ ደብተሩን ያወጣል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እኔ ደግሞ «ሰነፍ» ብዬ አልፈዋለሁ።

ሙሉቀን፦ ስንት ናቸው እንደዚያ ያሉት?

ትዕግሥት፦ በዓለም ላይ ከልጆች 5 በመቶ ያህሉ ኤዲኤችዲ አለባቸው ይባላል። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ሦስት ልጆች ማለት ነው። የሚረብሸውን ወንድ ልጅ ቶሎ እናየዋለን። ጥግ ይዛ፣ ጸጥ ብላ በሐሳብ የምትሄደዋን ልጅ ግን ማንም አያያትም። ረባሽ ስላልሆነች «ጨዋ ናት» ተብላ ክፍል ትዘልቃለች። ውጤቷ ሲወርድ ነው ሰው ዞር ብሎ የሚያያት። ስለ እሷ ሳስብ አንጀቴ ይንሰፈሰፋል።

ሙሉቀን፦ ሰው የሚሳሳትበት ሌላም ነገር አለ። «ኳስ ሲያይ ሁለት ሰዓት ፍንክች አይልም፣ ታዲያ ምኑ ነው የትኩረት ችግር?» ይላሉ። ችግሩ ትኩረት ማጣት ብቻ አይደለም። ትኩረትን በፈለጉት ሰዓት፣ በሚያስፈልገው ነገር ላይ ማዋል አለመቻል ነው። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር አሠራርም በዚህ ላይ እጁ አለበት። የሚስብ ነገር ራሱ ይይዝሃል። አሰልቺው ግን አያስጀምርህም።

ትዕግሥት፦ ሥራ ላይስ?

ሙሉቀን፦ የወር መጨረሻ ሪፖርት። ሥራው አቅቶኝ አይደለም፣ መጀመሩ ነው። «ገና አሥር ቀን አለ» እላለሁ፣ ሳላውቀው ነገ ይሆናል። ድሮ የነበርኩበት መሥሪያ ቤት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎልኛል። ያኔ ምን እንደሆነ አላወቅኩም፣ ራሴን ብቻ ነበር የምጠላው።

ትዕግሥት፦ አሁንስ ምን ለወጥክ?

ሙሉቀን፦ ትእዛዝ በቃል አልቀበልም፣ «ጻፍልኝ» እላለሁ። ሪፖርቱን ቆራርጬ ለእያንዳንዷ ቁራጭ ቀን እሰጣታለሁ። ቁጭ ብሎ የሚሠራ ባልደረባ አጠገብ እቀመጣለሁ፣ አያወራኝም፣ ግን እጀምራለሁ። የስልኬን ማንቂያ ደግሞ የምሞላው ከአዘዞ በምነሳበት ሰዓት ነው፣ ፒያሳ በምደርስበት አይደለም።

ትዕግሥት፦ አንድ ነገር ግን ወላጆች ይስሙኝ። የሚቅበጠበጥ ሁሉ ኤዲኤችዲ የለበትም። እንቅልፍ ያጣ፣ ሰሌዳው የማይታየው፣ በደንብ የማይሰማ ልጅም እንደዚያ ነው። ተኩስ ሰምቶ ያደረ ልጅም ቀልቡ አይረጋም። ይሄ ለኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ሐኪም የሚያየው ምልክቱ ከ12 ዓመት በፊት መጀመሩን፣ ቢያንስ ስድስት ወር መቆየቱን፣ ቤትም ትምህርት ቤትም መታየቱን ነው።

ሙሉቀን፦ መድኃኒትም አለው፣ ብዙዎችን ይረዳል። ሐኪም አይቶ ሲያዝ ብቻ።

ትዕግሥት፦ እኔ የሚገርመኝ የአብነት ተማሪዎች ነገር ነው። ጮክ ብለው፣ እየተወዛወዙ ነው የሚቀጽሉት። ፈውስ ነው እያልኩ አይደለም። እኛ ግን ልጁ ወንበሩ ላይ ከተንቀሳቀሰ እንቆጣለን።

ሙሉቀን፦ ያ መስኮት ጋ ይቀመጥ የነበረው፣ ደብተሩን አውጥቶ ዝም የሚለው ተማሪሽስ?

ትዕግሥት፦ ፊት አመጣሁት። ሰሌዳ ማጥፋቱን ለሱ ሰጠሁት፣ እንዲነሳ እንዲቀመጥ። አሥር ጥያቄ የቤት ሥራ ስሰጥ ለሱ ሦስት ሦስት አድርጌ እከፋፍልለታለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን እዚያው ክፍል ያስጀምረዋል ጓደኛው።

ሙሉቀን፦ ባለፈው ሳምንት አሥሩንም ሠራ?

ትዕግሥት፦ ሰባቱን። ሰባቱም ልክ ናቸው። የቀሩትን ሰኞ ያመጣል።